ቁልፏ በሐረጎ

ጋራዤ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ ነው በገመድ ተጠምዶ።
አንድ ላፕቶፕ አለኝ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፣
ከናፍጣ፣ ከአቧራ፣ ከእጄ ቅባት ጋራ አብሮኝ የዘለቀ።
በሱ ነው የማነበው የሞተርን ሐሳብ፣
መቼ እንደሚረጭ፣ ስንት አየር እንደሚስብ፣
የት ላይ እንደሚርበው፣ የት ላይ እንደሚጠግብ።

ጋሽ አበጋዝ ግን፣ ሙያ ያስተማሩኝ በእጃቸው፣
ካርቡሬተር ነበር ዓለም ማለት ለእሳቸው።
ካቻቢቴ ይዘው ጆሮ ይሰጡታል፣
ሩብ ዙር ይፈታል፣ ግማሽ ይመለሳል፣
«አሁን ሳቀ» ሲሉ ሞተሩም ይስቃል።
የእኔ ዘመን ሆነ የሽቦና የቁጥር፣
ሳቁን የምፈልገው በሠንጠረዥ፣ በመስመር።

ሦስት መንገድ ነበረኝ።

አንደኛው ከደሴ፣ ከፒያሳ ጓሮ፣
በፍላሽ የመጣ፣ መቆለፊያው ተሰብሮ፤
ዋጋው የምሳ ነው። «ሁሉን ይከፍታል» አለኝ ሻጩ ምሎ፤
ይዘጋ እንደሆነ አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት፣ ቸኩዬ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ።
ኑርዬ መጣ በኢሱዙው፣ ጤፍ የሚያመላልስ፣
«ሐረጎ ላይ ያለከልካል፣ አንድ ነገር አድርግለት፣ ትንሽ እንዲተነፍስ።»
ጫንኩለት ያንን የርካሽ ዕቃ፣
ዘጠና ላይ ደርሶ አረንጓዴው መስመር በመሃል አበቃ፤
የመኪናው አንጎል ከዚያ ወዲያ አልነቃ።
አራት ወር ሠራሁ አንጎሉን ልተካ።
ኑርዬ አልጮኸም፤ «አብሽር» ብሎኝ ሄደ፤
ቢሰድበኝ ይሻል ነበር፣ ያ «አብሽር» ነው ውስጤን ያነደደ።

ሁለተኛው ነፃ፣ ወዳጆቹ የሠሩት፣
ለፍቅር፣ ለጨዋታ፣ ሌሊት የጎነጎኑት፤
ቢሳሳት የማትከሰው፣ ቢጠፋህ የማትጠራው፣
መመሪያው ጎዶሎ፣ ካርታውን ራስህ ነህ ከባዶ የምትሠራው።
ለዚህኛው ኮሮላ አለችኝ፣ ከእኔ የምትበልጥ፣
እሁድ እሁድ ነዳጇን በነጥብ፣ ብልጭታዋን በዲግሪ ሳላውጥ፣
ሽቅብ ወደ ጦሳ ስገሰግስ፣ ቁልቁል ስመለስ፣ ስሮጥ።
ሦስቴ ቆማብኛለች። ሦስቴም እየሳቅሁ በእግሬ ወርጃለሁ፤
የቆመችው እኔ ላይ ነው፣
የሰው እንጀራ ላይ አይደለም።

ሦስተኛው ባለ ፈቃድ፣ በዶላር፣ በየዓመቱ፣
ቁልፏ አውራ ጣት ታህላለች፣ የሁለት በሬ ነው ግምቱ።
ግን አስቀድማ የፋብሪካውን ካርታ ቀድታ ታስቀምጣለች፣
መብራት በመሃል ቢጠፋ፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች፣
ስትሳሳትም «ተሳስቻለሁ» ትላለች።
ከዚህ በላይ ከሰውስ ምን ይጠበቃል?

ብሩ ግን አልሞላ።
ሰኞ ገበያ ግድም ቶይባ አለች፣ ደንበኛ የምትነጥቀኝ፣
ስሟን ሲያነሱብኝ ቁርሴን የምታስተወኝ፤
ደወልኩላት በመጨረሻ፣ «ቆይ ልቁጠር» አለችኝ።
ውሉን አብረን አነበብነው፦ አንድ ቁልፍ ይላል፣ አንድ ሰው አይልም።
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ የደሴ ናት፤
ሐሙስ ጠዋት በፖስታ ታሽጋ የሚኒባስ ረዳት ኪሱ ይከታታል፣
ሐረጎን ተጠማዝዛ ትወርዳለች፣ እጄ ላይ ያስቀምጣታል።
ጋሽ አበጋዝ ሰምተው ሳቁ፦ «ይሄማ መቀናጆ ነው፣
አንድ አንድ በሬ አዋጥታችሁ፣ የምታርሱት ብረት ነው።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሐረጎን ጉም ይዞታል፤
የኑርዬ ኢሱዙ ኮፈኑ ተከፍቶ ይጠብቃል፣
አዎ፣ ተመልሶ መጥቷል፣
«ትንሽ እንዲተነፍስ» ይላል አሁንም።
ላፕቶፔ «ቁልፍ አስገባ» ብሎ ዓይኑን ያርገበግባል።
ጋሽ አበጋዝ ጆሯቸውን ለሞተሩ ሰጥተው፣
«የአየር ማጣሪያውን አየኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አላየሁትም።

ከበር ላይ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ለቀቀ፤
ማጣሪያውን ፈታሁት፣ የጤፍ ገለባና የስንት ገበያ አቧራ እግሬ ላይ ወደቀ።